ሦስተኛዋ መስመር

ፈንታው እባላለሁ፤ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ስነዳ ይኸው ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ከመቀመጫዬ ጀርባ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። ባለፈው መስከረም አንድ አሠልጣኝ አዳራሽ ሰብስቦን ግባችሁን ጻፉ፣ ሁልጊዜ የምታዩት ቦታ ለጥፉት፣ የፈጸማችሁትን ራይት አድርጉበት አለን። እኔ ግን የማየውን ቦታ ትቼ ሰው የሚያየው ቦታ ለጠፍኩት። ነገሬ የተበላሸው ያኔውኑ ነው።

አምስት ነገር ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያዋ ጫት መተው፣ ሁለተኛዋ የመኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ሦስተኛዋ «እናቴን ፊደል ማስተማር» ትላለች። የቀሩትን ሁለቱን ተዉአቸው። ተሳፋሪውም ሌላውን ዘሎ የሚያነበው ሦስተኛዋን ነበር። ተባረክ ይለኛል፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ገና ሳላስተምር ምርቃቱን ጠግቤ ጨረስኩት።

እናቴ ጌጤ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። አባቴ ሲሞት እኔ ገና አልዳህኩም፤ ከሮቢት ማሳ እያመጣች፣ ቆቦ ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ እየሸጠች አሳደገችኝ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። የማን ልጅ መቼ እንደተዳረች፣ ማን የት ሰፈር እንደገባ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። ዘጠኝ ቀን አስተማርኳትና «መ» ላይ ደረስን። ከገበያ ስትመለስ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ትቀመጥልኛለች። በአሥረኛው ቀን ደከመኝና ነገ አልኳት። ነገ፣ ነገ ስል ጥር ገባ። እሷ ግን እጇን መታጠቧንም መቀመጧንም አልተወችም። እኔ ስልኬን እነካካለሁ።

በዚያው በጥር ወይዘሮ ብሩክታዊት ተሳፈሩ። የሰፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ከአላማጣ መጥተው ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ያሰቡትን ሳይናገሩ የማያድሩ ሴት። ሌሎቹ ላይ ራይት አለ፣ የእናትህ ምነው ባዶ ሆነ አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ጨርሳለች፣ ምልክቷን ረስቼው ነው አልኩና ባጃጁን አቁሜ፣ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ እዚያው ፊታቸው ራይት አደረግኩባት። እሳቸውም እናቴን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ተጽፏላ።

የካቲት ላይ የእድሩ ጸሐፊ ዋጃ ሄዳ ቀረች። በስብሰባው ቀን ወንበር በባጃጅ አድርሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ብሩክታዊት ተነሡና ጌጤ አሁን ተምራለች፣ መዝገቡን እሷ ትያዝልን ብለው ደብተሩን ሰጧት፤ የአባላቱን ስም እንድትጠራ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ደብተሩን ከፈተችና መጥራት ጀመረች። ሩት፣ ለተ ሚካኤል፣ ኤልሳቤጥ እያለች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀምራ በቤታቸው ቅደም ተከተል ስልሳውንም ሴት ጠራች። አንዲት አልዘለለችም። ሁሉም አቤት አሉ።

«ጌጤ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ጠርተሽ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥሽም» አሉ ወይዘሮ ብሩክታዊት። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እናቴ ደብተሩን ዘግታ መለሰችላቸው።

«ልጄ በደንብ አስተምሮኝ ነበር» አለች። «አልገባ ያለኝ እኔ ነኝ።»

ከእሷ የቆምኩት ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ውሸቱ የኔ ነው ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ወንበር የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ስንመለስ ከኋላዬ ተቀምጣ የእሷ መስመር የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀችኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ራይቷን ነካ ነካ አደረገች።

«ይቺስ ምን ትላለች?»

«ጨርሳለች ትላለች፣ እማ» አልኳት።

ቤት ስንደርስ እጇን ታጠበችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ገበያ ላይ ሴቶቹ ጸሐፊዋ እያሉ ይቀልዱባታል፤ አብራቸው ትስቃለች እንጂ ስሜን አንሥታ አታውቅም። እኔም ከዝርዝሩ ግርጌ ስድስተኛ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «ለእድሩ ሴቶች እውነቱን መናገር» ትላለች። በደቃቅ ፊደል ነው የጻፍኳት። ከዚያ በኋላ እድሩ ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል፤ ሦስቱንም ጊዜ ወንበሩን አድርሼ፣ አፌን ዘግቼ ተመልሻለሁ።

እናቴ «ፈ»ን ጨርሳለች። ባጃጁ ውስጥ ስትቀመጥ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እየሰደደች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ፊደል በፊደል ታነባለች። ትናንት ጣቷ አምስተኛዋ መስመር ላይ ነበር።