ፈረስ ያልታረደለት ቀብር

ሹምካርቤክ የመንደራችን የጋራ እርሻ የከብት ሐኪም ነበር። እርሻው ሲፈርስ እንስሳቱን ተከፋፈልን፤ በጥቂት ክረምት ውስጥም አብዛኞቹ በየተዝካሩ አለቁ። በእኛ በናሪን ተራሮች ለሙቱ ፈረስ ያላረደ ቤተሰብ ቀና ብሎ አይሄድም።

አንድ ጸደይ ሹምካርቤክ ሟች ወንድሙ በሕልሙ እንደመጣ ተናገረ። «ሥጋው እኛ ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሰን የልጆቻችን ረሃብ ነው» ብሎታል። ከዚያ ወዲያ ለሙት እንዳይታረድ፣ ቀባሪም በሻይና በዳቦ ብቻ እንዲሸኝ ማስተማር ጀመረ። የመስጊዱ መሪ ሙላው መናፍቅ አለው፤ ጎረምሶች መስኮቱን ሰበሩበት። መበለቶች ግን መጡ፤ ወንዶችም ተከተሉ። ከየሸለቆው የተሰበሰበው ሰው የክብር ቦታውን ለቀቀለት፤ እሱም ተቀመጠበት። ለእናቷ በስውር በግ ያረደችውን ዛይናን በሰው ፊት ከጉባኤው አባረራት።

ከዓመታት በኋላ አባቱ ባይዛክ አልጋ ያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ያረቡ፣ ለስንቱ ቀብር ከመንጋቸው የሰጡ ሰው ናቸው።

«ዳማዋን ባዝራ ታርድልኛለህ» አሉት።

«አባዬ፣ ሌላውን ከልክዬ?»

«የከለከልከው አንተ፤ እኔ ምን አገባኝ? የሰው ፈረስ በልቼ ኖሬ ባዶ ገበታ ዘርግቼ ልሂድ?»

ሽማግሌው ሲሞቱ ቀባሪው «ወይኔ አባቴ!» እያለ በፈረስ እየጋለበ መጣ። በድንኳኑ ውስጥ የቀረበው ዳቦና ሻይ ነበር። አጎቱ ሰይዳክማት ወጥቶ ባዝራዋን ከበረት ይጎትት ጀመር።

«ልቀቃት፣ አጎቴ።»

«ነቢይነትህ ለተከታዮችህ ይሁን፤ እኔ የምቀብረው ወንድሜን ነው!»

«ሕጉ ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው ዳቦህን ብቻህን ግመጥ!»

ባዝራዋ አጥሩን ተሻግራ በአጎቱ ግቢ ታረደች። የቅቅሉ ሽታ ሲመጣ ተከታዮቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ቀድሞ የተነሣው ቴሚርካን ነው፤ አባቱን በዳቦ ቀብሮ ላሞቹን ያተረፈ።

«የኔ አባት ድሃ ነበር» አለ ጫማውን እያጠለቀ። «ለእኚህ ሰው ፈረስ የነፈገ ለኛ ምን ይሆነናል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሊሰማው የመጣ የለም። ሹምካርቤክ በግ ማከሙን ቀጠለ። ቀብር ሲኖር አካፋ ይዞ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሥጋ ሲቀርብ ከኪሱ ዳቦ ያወጣል።

ባለፈው ክረምት ዛይና ባሏ ሞተ። በረቷ ባዶ ስለነበር ዳቦና ሻይ አቀረበች። ሰው ቶሎ ተበተነ፤ እሱ ግን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀረ።

«ያኔ ያባረርከኝን ዛሬ ረሳኸው?» አለችው።

«አልረሳሁም።»

የቀረበለትን ዳቦ ጨርሶ ባዶውን ጽዋ ዘረጋላት። ሻይ ቀዳችለት።