ጽጌረዳ የሚያዘንበው ላፕቶፕ

ባሌ ጥበቡ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሚዛን ውስጥ «ጥበቡ ቪዲዮ» ብትሉ ሕፃን ልጅ እንኳ ሱቃችን ድረስ ያመጣችኋል፤ እሱን ራሱን ግን አታገኙትም። ከጥር እስከ ጾም መግቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ እስከ ክረምት ካሜራውን አንግቶ ሰው ሲድር ይከርማል። እኔ ሚስቱ ሰርካዲስ ነኝ። ሱቁን የምጠብቀው፣ ፎቶ የማትመው፣ «ቪዲዮአችን መቼ ይደርሳል?» እያለ የሚመላለሰውን ደንበኛ የማባብለው እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱን ለማማትም ለማመስገንም ከእኔ የበለጠ መብት ያለው ሰው የለም።

ጥበቡ ማንንም ከቪዲዮ አይቆርጥም። ሽማግሌው ሲያዛጋ፣ ልጁ አጥንት ሲግጥ፣ አክስትየዋ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ ስታስተካክል ሁሉም ይገባል። የጥበቡ ቪዲዮ ከሠርጉ ይረዝማል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ እቴ! «ሰው ልብስ አሰፍቶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ የመጣው እንዲቆረጥ ነው እንዴ?» ይላል።

ሌላም ዐመል አለው። በእኛ ወግ የሙሽራ እናት ልጇን ተከትላ ወደ ሙሽራው ቤት አትሄድም። ከደጅ ትሸኛትና ካልታጠበው ድስትና ከፈረሰው ዳስ መሃል ትቀራለች። ልጅቷ እዚያ ቤት እንዴት እንደገባች፣ ማን እንዳቀፋት፣ ማን ፊት እንደነሳት የምትሰማው ከአጃቢ አፍ ነው፤ አጃቢ ደግሞ የሚያስታውሰው የበላውን ነው። ስለዚህ ጥበቡ ሲዲውን ለሙሽሮቹ ከመስጠቱ በፊት ላፕቶፑን አዝሎ የሙሽራዋ እናት ቤት ይሄዳል። መብራት ያልገባበት ገጠርም ቢሆን ይሄዳል። «እናት ሳታይ ሲዲ አይወጣም» የሱቃችን ሕግ ነው። እህቱ ጌጫ የተዳረች ጊዜ እናቱ አጃቢውን ሁሉ ቢጠይቁ «ሥጋው ብዙ ነበር» ከማለት በቀር የሚነግራቸው አጡ፤ ካሜራ የገዛሁት ለዚህ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ካሜራ የገዛው ሌላ ሥራ ስላጣ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሠርጉ በተፋፋመበት ወቅት አሮጌው ላፕቶፓችን አረፈው። ሻሚል ጋ ሄድን። ሻሚል የጅማ ልጅ ነው፤ ሚዛን ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል፤ የሚሸጠውን ዕቃም ያውቀዋል። ሁለት ላፕቶፕ አወጣልን። ዋጋቸው እኩል ነበር፤ አንደኛው አዲስ፣ ሁለተኛው ከዱባይ የመጣ ያገለገለ።

«አዲሱ ለምስል የተለየ ካርድ የለውም» አለ። «ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ያገለገለው ግን የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት እኔ። ጥበቡ እንደሆነ ያልገባውን መጠየቅ ሞቱ ነው።

ሻሚል ትንሽ አሰበና «ሰርኬ፣ ድግስ አለብሽ እንበል» አለኝ። «አንቺው ወጥ ትሠሪያለሽ፣ አንቺው እንግዳ ትቀበያለሽ፣ አንቺው ታስተናግጃለሽ። አዲሱ እንደዚያ ነው። ያኛው ወጥ ሠሪ ቀጥሯል። ድግሱ ቶሎ ይደርስለታል። ወጥ ሠሪዋ ግን ትበላለች።»

«ምን ትበላለች?»

«ባትሪ! አዲሱ አራት አምስት ሰዓት ሲቆይልሽ፣ ያኛው አንድ ሰዓት ከቆየ ወላሂ አመስግኚው። ሙቀቱም ሌላ ነው።»

ብቻዬን ሁሉን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ለአዲሱ ወዲያው አዘንኩለት። ጥበቡ ግን ባትሪ የሚለውን የሰማም አልመሰለኝ። ለምን እንዳልሰማ አውቃለሁ። አማን ውስጥ ቴዲ የሚባል ልጅ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ሙሽሮቹን ጨረቃ ላይ ያስጨፍራቸዋል፣ እርግብ ይለቅባቸዋል፣ ጽጌረዳ ያዘንብባቸዋል። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ የሚመጣ ሙሽራ ሁሉ ገና ሰላም ሳይል «እናንተስ ጽጌረዳ ታዘንባላችሁ?» ይላል። በአሮጌው ላፕቶፕ ጽጌረዳ ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ የወረደውም ጎመን ይመስላል። ባሌ ዓይኔ እያየ ከሳ። ስለዚህ ካርድ ያለውን ላፕቶፕ ብድግ አድርጎ ሲያቅፈው አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ጽጌረዳው እኔንም ያምረኝ ነበር።

በዚህ ላፕቶፕ መጀመሪያ የተሠራው የሔዋን ሠርግ ነው። ሔዋን የእትዬ ሎሚ አንድያ ልጅ ናት፤ ከሸዋ ቤንች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ መንደር፣ በቡና ጓሮ መሃል ያደገች። ሙሽራው የቴፒ ልጅ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ስማቸው የገነነ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሠርጉ ጾም ሊገባ ሲል ስለተደረገ ቅልቅሉ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን ተባለ። እትዬ ሎሚ ያን ሁሉ ጊዜ ልጃቸውን ሳያዩ ሊቆዩ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከደጃቸው አይርቁም።

ያን ቀን እኔም ፎቶ ለማንሳት አብሬ ነበርኩ። ሔዋን ተሸኝታ መኪና ውስጥ ስትገባ እትዬ ሎሚ የጥበቡን ክንድ ጨብጠው ያዙት።

«ልጄ፣ እኛ የገጠር ሰው ነን» አሉት። «እነሱ ትልቅ ቤት ናቸው። ልጄ ስትወርድ ሴትዮዋ በምን ዓይን እንዳየቻት፣ እሱን አሳየኝ። ሌላውን ተወው።»

«ደውላ ትነግርዎ የለም እንዴ፣ እትዬ?» አልኳቸው እኔ ላጽናናቸው ብዬ።

«በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው» አሉኝ።

ጥበቡ አጃቢውን ተከትሎ ወደ ቴፒ ሄደ፤ እኔ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ካርዱ እውነትም ይሠራል! አሮጌው ቀኑን ሙሉ የሚያምጥበትን ይሄኛው እኔ ሽንኩርት ከትፌ ሳልጨርስ ያደርሰዋል። «ሰርክዬ ነይ፣ ይቺን እይ! ይቺንስ!» እያለ ሥራ አስፈታኝ። ሲደሰት እንደ ልጅ ነው፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ላፕቶፑን አሳዘለኝና እትዬ ሎሚ ቤት ሄድን።

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀን። የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበ፤ ላፕቶፑ በተሞላ የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ቪዲዮው ሲጀምር እትዬ ሎሚ ጥለቱ ሰፊ የሆነ አዲስ ነጠላ ለብሰው ደጃቸው ላይ ቆመው ታዩ።

«እትዬ ሎሚ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ኖት እንዴ?» አለ አንዱ።

«ለልጄ ብዬ ነው ያሠራሁት። ከዚያ ወዲህም አልለበስኩት» አሉ ሳቅ ብለው። ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አልተነሳም።

የመንደር ሰው ፊት ቪዲዮ ማሳለፍ የሚባል ነገር የለም። ማሳለፍ ማለት ሰው መዝለል ነው፤ የተዘለለ ሰው ደግሞ ይቀየማል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ራሱን አየ፤ አንዳንዱም «እስቲ እኔን ድገመኝ» እያለ ሁለት ጊዜ አየ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ሆዱን ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። የባትሪው ምልክት ሲቀላ የጥበቡም ጆሮ አብሮ ቀላ።

በመጨረሻ ቴፒ ተደረሰ። መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። የሔዋን እግር ከመኪናው ሲወጣ፣ ከአራቱም ማዕዘን ጽጌረዳ ወረደ! ቀዩ በቀዩ ላይ እየተደራረበ ስክሪኑን ሞላው። ጽጌረዳው ገለል ሲል ሔዋን ዳስ ውስጥ ባሏ አጠገብ ተቀምጣለች።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ሎሚ ብቻ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«መልሰው» አሉ።

መለሰው። እግሯ ወጣ፤ ጽጌረዳ ወረደ።

«ከአበባው ኋላ ምን አለ?»

ጥበቡ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

እትዬ ሎሚ የጠቆረውን ስክሪን አዩና «አላየኋትም» አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ይልቁንም ጎደሬውን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «ብሉ እንጂ፣ መንገደኛ ናችሁ» አሉን። አንጀቴን በሉት።

መንገድ ላይ ስንወጣ «ምንድን ነው የሸፈንከው?» አልኩት።

«ጭቃ ነዋ! ቴፒ ዘንቦ ነበር። ስትወርድ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ዳስ እስክትገባ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው። ጭቃ ሠርግ ላይ ያምራል? አዝኜላት ሸፈንኩላት።»

«ማንንም አልቆርጥም ትል አልነበር?»

«መች ቆረጥኩ? ሸፈንኩ እንጂ!»

ሚዛን እስክንገባ አላናገርኩትም። ሞተር የሚነዳ ባልን ማኩረፍ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ወገቡን አቅፈሽ ነው የምታኮርፊው።

ከዚያ ጥበቡ እህል አልወርድለት አለ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሠርጎች ተይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ደንበኞች የመጡት ጽጌረዳ እናዘንባለን ስላልን ነው። ላፕቶፑን ከመለሰ እነሱ ወደ ቴዲ ይሄዳሉ። ካልመለሰ ደግሞ መብራት የሌለበት ቤት የምትጠብቅ እናት ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሊጠፋባት ነው። እኔ ለሁለቱም የሚሆን መላ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ላፕቶፑን እንያዘውና ጀነሬተር እንከራይ» አልኩት።

«እናት ልጇን እያየች ጀነሬተር ይጩህባት?» አለኝ። «ደግሞ ጽጌረዳው እጄ ላይ ካለ ማዝነቤ አይቀርም፣ ሰርክዬ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ? ይህን ሰው የምወደው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ተሳስቶ እንኳ አያድበሰብስም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ ብቻ ተረትኩበትና ሻሚል ጋ አብሬው ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ሰው የሚለውጠው ከታች ወደ ላይ ነው!» አለ ሻሚል። «እንዳንተ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም።» ደግነቱ አዲሱ ገና አልተሸጠም ነበር፤ ያገለገለውን ደግሞ ጌም የሚጫወት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጠይቀው ሰንብቷል። ተለዋወጥን።

ብቻውን ሁሉን የሚሠራው ላፕቶፕ የሔዋንን ቪዲዮ እንደገና አዘጋጅቶ እስኪያወጣ ቀኑ መሸ። ጥበቡ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀምጦ ዋለ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ ሳይደነግጥ በባትሪው ቀጠለ። ጽጌረዳ የሚባል ነገር አልገባም።

እትዬ ሎሚ ቤት ተመልሰን ስንሄድ ያው ጎረቤት ተሰበሰበ። ያው ጆንያ፣ ያው ጎደሬ። ሁሉም እንደገና ተራውን ጠብቆ ራሱን አየ፤ «ድገመኝ» ያለውም ተደገመለት። ላፕቶፑ ድምፁ የለም። ያኛው የጠፋበት ቦታ ስንደርስ ይሄኛው የባትሪውን ሩብ እንኳ አልበላም።

መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። የሔዋን ነጭ ጫማ መሬት ሲረግጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ሙሽራው ግራ ገብቶት ቆመ። ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቀ። ሔዋን አንገቷን ደፋች። እኔም ይህን ገና ማየቴ ነው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ውድነሽ ከሴቶቹ መሃል ወጡ። ያ ሁሉ እንግዳ እያየ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ። የልጅቷን እግር አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በነጭ ነጠላቸው ጫፍ ጫማውን ይጠርጉት ጀመር። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን አነሱ። ሲጨርሱ ቀና ብለው የሆነ ነገር አሏት። ከበሮው ስለሚጮህ ያሉት አይሰማም፤ ሔዋን ግን ሳቀች።



«መልሰው» አሉ እትዬ ሎሚ።

ጥበቡ መለሰው። ደግሞ መለሰው። እስኪበቃቸው ድረስ መለሰው፤ በዚያ ሁሉ መሃል «እኔን ድገመኝ» ያለ ሰው አልነበረም። ጥበቡ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ እኔ ደግሞ መደበቁንም ትቼ አለቀስኩ።

እትዬ ሎሚ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ያን ጥለቱ ሰፊ የሆነውን ነጠላ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ለጥበቡ አቀበሉት።

«ቴፒ ስትሄድ ለውድነሽ ስጥልኝ» አሉት። «የሷ በልጄ ጭቃ ቆሽሿል።»

ስንወጣ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጥበቡ ነጠላው እንዳይረጥብ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ነጠላውን አስገባበት። ላፕቶፑን እኔ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው ሚዛን ገባን።