ላሜካ በባሕሩ ዳር ያነደደው እሳት

የመንደሩ ጀልባዎች ሲመለሱ ዓሣው በሙሉ ጠጠሩ ላይ ይዘረገፋል፤ ላሜካም ለየቤቱ ይደለድለዋል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት ደሴቶቻችን በቶከላው የሽማግሌ ቤትም ሆነ የመበለት፣ ድርሻው በነፍስ ወከፍ ነው። ላሜካ በዚህ ሥራ ሲያረጅ “አጓደለብኝ” ያለው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ኒውዚላንድ ቀርተዋል። በመንደሩ ያለው ክብር ይኸው ማካፈሉ ብቻ ነበር። እኔ የወንድሙ ልጅ ሚስት ነኝ፤ ጎረቤቱም ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሃካያ የሚባል ወጣት አባወራ በእሁድ ቀን ጀልባ አወጣ። እኛ ዘንድ እሁድ እንኳን ማጥመድ መዋኘትም ክልክል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማዕበል ስለነበር በየቤቱ ዓሣ አልነበረም፤ የሚስቱ የሉሂያ ጡት ደርቆ ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። የዓሣ ሾርባ ወተት ይመልስላታል ብሎ ነው የወጣው። ማዕበሉ ጀልባዋን ዐለት ላይ ሰበራት፤ እሱ እየዋኘ ተረፈ። ጀልባዋ የመንደሩ ነበረች፤ ማንንም ሳያስፈቅድ ነበር የወሰዳት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የሃካያ ቤት ከዓሣው ድርሻ እንዳይኖረው ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ድልድል ላሜካ ክምሮቹን ሲደረድር ለሃካያም አስቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ፋላኒኮ ክምሩን በዱላው በተነው።

“አንተ ላሜካ፣ ጆሮህ ውስጥ አሸዋ ገብቷል?”

“ሰምቻለሁ አባቴ።”

“ታዲያ ይኼ የማን ነው?”

“የሉሂያና የሕፃኑ። እነሱ ጀልባ አልሰበሩም።”

“ሌባ ይቀልብልን እንግዲህ!” አለች ኤሄታ ከሴቶቹ መሐል። “ነገ ደግሞ ጀልባ ሰባሪ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣልሃል።”

ሰዉ ሳቀ። ፋላኒኮ አልሳቀም። “ከዛሬ ጀምሮ ዓሣውን አትነካም። ዘወር በል ከዚህ!”

ላሜካ እጁን በባሕር ውኃ ታጠበና የራሱን ድርሻ ይዞ ሄደ።

ከደሴቱ መንገደኛ የምትወስደው መርከብ በማግስቱ ትመጣ ነበር። ሉሂያ ቤት ስገባ ከደሴቱ ሊወጡ ዕቃ ስታስር አገኘኋት። “ምን በልተን እንቆያለን?” አለችኝ። “ሰላም ስላቸው እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።”

“ከእኛ ድርሻ እሰጥሻለሁ።”

“ልጆችሽን ከልጄ ጋር ልታስርቢ?”



ጠዋት ላሜካ ከመሰብሰቢያው ቤት ፊት ለፊት፣ የመርከብ ተሳፋሪ በሚያልፍበት ዳርቻ ላይ፣ በኮኮናት ቅርፊት እሳት አንድዶ የድርሻውን ዓሣ ይጠብስ ነበር። ሃካያ ጥቅሉን ተሸክሞ ሲመጣ “ና፣ ቁርስ ብላ!” ብሎ ጮኸ።

“ተወኝ አጎቴ። በእኔ ምክንያት ሥራህን አጣህ።”

“እኔ ስለ ሥራዬ ጠየቅሁህ? ዓሣው ያርራል፣ ተቀመጥ። ጴጥሮስ እንኳ ‘አላውቀውም’ ብሎ ከካደው በኋላ ኢየሱስ ባሕር ዳር ዓሣ ጠብሶ ነው የጠበቀው። መጀመሪያ አበላው፣ ከዚያ አናገረው። ጓደኞቹ እኮ እንደኛው ዓሣ ዓሣ የሚሸቱ ሰዎች ነበሩ።”

ሃካያ ተቀመጠ። እኛ ጋ የሚበላ ሰው አላፊውን “ና እንብላ” ሳይል አይጎርስም፤ አላፊውም ሳይመልስ አይሄድም። ላሜካም መርከብ ለማየት የወጣውን ሁሉ በየስሙ መጥራት ጀመረ።

“ኤሄታ፣ ነይ እንብላ!”

“ጠግቤአለሁ! ከሌባ ጋር የሚበላ ራሱም ሌባ ነው።”

“ኢየሱስንም እንዲሁ ብለውታል። ነይ፣ ጭንቅላቱን ትወጂ የለ?”

“አፍህን ዝጋ፣ ሽማግሌ!”

ጎረምሶቹ “የሌቦች ሆቴል ተከፈተ!” እያሉ አለፉ። አንዱ አሸዋ በእግሩ እሳቱ ላይ በተነ። ላሜካ ዓሣውን አራግፎ ገለበጠው። ከዚያ ፋላኒኮ መጣ።

“አባቴ፣ ይምጡ እንብላ።”

“እሳቱን አጥፋ።”

“ዓሣው ገና አልበሰለም። ይቀመጡና አብረን እናጠፋዋለን።”

ፋላኒኮ ሃካያን አየው፣ እሳቱን አየው፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። “ጠግቤአለሁ” እንኳ አላለም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ ያኔ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እሳቱ ዳር ተቀመጥሁ።

“አንቺም?” አለችኝ ኤሄታ።

“እኔም። ርቦኛል።”

ሉሂያ ሕፃኑን አቅፋ ቆማ ታየን ነበር። መጥታ ከባሏ ጎን ተቀመጠችና ዓሣውን ቆርሳ ጎረሰች። ወደ መርከቧ የምታደርሰው ጀልባ የመጨረሻውን ጥሪ ስታሰማ ሃካያ ሊነሳ ቃጣው።

“ጥቅሉን ቤት መልሰው” አለችው። “ይኼን ጨርሰን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።”

መርከቧ ያለ እነሱ ሄደች።

ዓሣውን አሁን የፋላኒኮ የእህት ልጅ ያካፍለዋል። የሃካያ ቤት እስከ ዛሬ ድርሻ የለውም፤ የላሜካ ድርሻ ለሁለት ይከፈላል፣ ከእኛም ይጨመርበታል። ትንሽ ነው፣ ግን ያዳርሳል። ኤሄታ በቤታችን ባለፈች ቁጥር ትሳደባለች። ሃካያ ለመንደሩ የሚተካውን ጀልባ መጥረብ ጀምሯል። ፋላኒኮ “ብትጨርሰውም አንቀበልህም” ብሎታል። ላሜካ አጠገቡ ተቀምጦ መጥረቢያውን እየሳለለት “አንተ ጥረብ” ይለዋል።