እስከ «ዲ» የተማረው መካኒክ

መርሳ ውስጥ ሞተር በጆሮው ብቻ አዳምጦ ሕመሙን በመናገር ግርማን የሚያህለው አልነበረም። እንግሊዝኛ ሲናገር ግን የሰማው ሰው የለም። ይህም «እችላለሁ» ከማለት አላገደውም።

ጉራው የመጣው በጦርነቱ ነው። በ2013 ነሐሴ ላይ መንገዱ ሲዘጋ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ ጋራዡም ያለ መኪና ቀረ። ግርማ ቤት ተቀምጦ የተኩስ ድምፅ ከመቁጠር ብሎ የልጁን የሜሮንን መዝገበ ቃላት አነሳና ከመጀመሪያው ገጽ ይሸመድድ ጀመር፤ በቀን ሃያ ቃል። ሚስቱ ወይንሸት «አሁን ይሄ ምን ይሠራልሃል?» ስትለው «መንገድ ሲከፈት ታያለሽ» ይላታል። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት የደረሰው «ዲ» ፊደል ላይ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ግን እንግሊዝኛን ጨረስኩት ብሎ አስወራ።

ጥር ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ ባጃጅ ነጂው ጀብሪል እየከነፈ መጣ።

«ጋሽ ግርማ፣ ውርጌሳ ላይ የእርዳታ መኪና ተበላሽታ ቆማለች። ሹፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ ደሴ ሄዷል። ብቻዋን የቀረችው ነርስ ኬንያዊት ናት፤ አማርኛ አትሰማም። እንግሊዝኛ የሚችል መካኒክ አመጣልሻለሁ ብዬ በእጅ በእግሬ ነግሬያታለሁ።»

ግርማ ክው አለ። «ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ኧረ ወላሂ፣ አራት ወር ሙሉ ሲያጠኑ የከረሙት አንቱ አይደሉም እንዴ?»

ነርሷ ዋንጂኩ ትባላለች። መኪናው ውስጥ ወልድያ ሆስፒታል የሚጠበቅ ኢንሱሊን በበረዶ ሳጥን ተጭኗል። ግርማ ሰላም ሊላት አፉን ሲከፍት ያጠናቸው ቃላት ሁሉ ተጋፍተው ጉሮሮው ላይ ተሰነቀሩ። «ካር» አለ እንደምንም፤ መኪና ማለቱ ነው። ቀጠለና «ዴድ» አለ፤ ሞተች ለማለት። ሁለቱም ከ«ዲ» ወዲህ በመሆናቸው ትንሽ ኮራ።

ዋንጂኩ ብዙ ተናገረች፤ ግርማ አንዱም አልገባውም። ቢቸግራት እግሯን አንስታ አየሩን ረገጠችው፤ ፔዳሉ ወርዶ አልመለስ እንዳለ ስታሳየው ነው። ይሄኔ ግርማ በደስታ «ፍሪሲዮን!» ብሎ ጮኸ። መካኒኮች ለዚያ ፔዳል ከጣሊያን የወረሱት ስም መሆኑን አያውቅም፤ እንግሊዝኛ ይመስለው ነበር። እሷ ግን «ፍሪዚንግ»፣ ማለትም በረዶ ሆነ፣ ያላት መሰላት። ኢንሱሊን ደግሞ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። በድንጋጤ ሮጣ ሳጥኑን ከፈተችው። ግርማም ተከትሏት አንገቱን ወደ ሳጥኑ አስግጎ ፍሪሲዮን ይፈልግ ገባ።

መጨረሻ ላይ ጎትቶ ወስዶ ፔዳሉን በጣቱ አሳያት።

«ክላች» አለችው።

ቃሉን ያውቀዋል! «አጥብቆ መያዝ» ብሎ ሸምድዶታል። በየቀኑ የሚረግጠው ነገር ስም መሆኑን ግን የነገረው አልነበረም።

የፔዳሉን ዘይት የሚያፈሰውን የጎማ ቱቦ ይዞት ከመጣው አሮጌ ዕቃ በአንዱ ቀየረው። የሳጥኑ በረዶ እየቀለጠ ስለሆነ ሹፌሩን መጠበቅ አልቻሉም፤ ለሹፌሩ የሚነገረውን መልእክት ለጀብሪል ትተው ግርማ ራሱ ሊነዳ ተስማሙ። መንገድ ላይ ዋንጂኩ ይህ ምንድነው ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅን አስተማረችው። ከዚያ በኋላ አላረፈችም። ድልድዩን፣ አህያውን፣ መንገድ ዳር የተቃጠለውን ታንክ ሳይቀር እያሳየ ጠየቃት። ስሙን ስትነግረው ከነዓረፍተ ነገሩ ይደግመዋል፤ ሲሳሳት ትስቃለች፤ እሱ ከእሷ ብሶ ይስቃል። መርሳ ሲያልፉ ወይንሸትን ከሱቅ ደጃፍ አያት፤ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዚስ ኢዝ ማይ ወይንሸት!» አለ። እሷ አበደ ብላ አማተበች። ወልድያ ሲደርሱ በረዶው ገና አልቆ አልቀለጠም፤ ኢንሱሊኑም ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግርማ መካሪ ሆነ። ለፈተና የምትዘጋጀውን ሜሮንን «በፊደል ተራ አትሂጂ» ይላታል። «እጅሽ ከሚነካው ነገር ጀምሪ። ነጠላ ቃል አትያዢ፤ የሚነገርበትን ዓረፍተ ነገር ያዢ። ጮክ ብለሽ ተሳሳቺ፤ ሰው ሳይስቅብሽ አንቺ ቀድመሽ ሳቂ።»

«አባዬ፣ አንተ እኮ መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ፍሪሲዮን የፈለግክ ሰው ነህ።»

«ታዲያ ከኔ የበለጠ ማን ይምከርሽ?»

ሚያዝያ ላይ ዋንጂኩ ወደ ወልድያ ስታልፍ ጋራዡ ጎራ አለች። በጦርነቱ አራት ወር ውስጥ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀችው። ግርማ ዱቄት ማለቁን፣ አንድ ጎረቤት መቅበራቸውን፣ ሜሮንን አልጋ ሥር መደበቁን በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነገራት። የተሳሳተው ብዙ ነበር፤ እሷ ግን አንዱንም አላረመችም። «ፈርተህ ነበር?» ስትለው «አዎ፣ በጣም» አላት። ይህን ለማንም ብሎት አያውቅም። በአማርኛ ብትጠይቀው ኖሮ እኔ ምን ሊያስፈራኝ ይል ነበር፤ ለጉራ የሚሆን እንግሊዝኛ ግን ገና አልነበረውም።