ጋሽ ካሳይ ሊፍት የለመዱበት በርጩማ

ጋሽ ካሳይን የማያውቅ የላንቻ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ መኪና ኖሮት አያውቅም። ኤሌትራውቶ ናቸው፤ የመኪና ኮረንቲ ሠሪ ማለቴ ነው። ቆሞ የቀረ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ጫፏ ላይ ትንሽ አምፖል ያሰሩባትን ሽቦ እዚህም እዚያም ነካ ነካ ያደርጉና «እዚህ ጋ ሞቷል» ይላሉ። እውነትም እዚያ ጋ ሞቷል። ፍሬቻ በሉት፣ ክላክስ በሉት፣ ሞተሪኖ በሉት፣ የሚያቅታቸው የለም። በዚህ ዓለም ላይ የሚያቅታቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ መውጣት።

ከዓመታት በፊት ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ላይ እያሉ መብራት ጠፋ። ሕንፃው ጄኔሬተር አልነበረውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኮረንቲ ሲያስታርቁ የኖሩትን ሰው ኮረንቲ በሁለት ፎቅ መሀል ጥሏቸው ሄደ። በሩ ተፈልቅቆ ሲወጡ ሸሚዛቸው አሁን የታጠበ ይመስል ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሊፍት አይገቡም። በደረጃ ልሞክር ሲሉ ደግሞ ከፍታው ጉልበታቸውን ይይዘዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ደርሰው በመስኮት ወደ ታች አንዴ ያዩና ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይመለሳሉ። እኛ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ስለሆነ፣ በቃ፣ ማንም ልብ አላለውም ነበር።

ጉዱ የታወቀው ልጃቸው ራሕዋ አግብታ ኡራኤል አካባቢ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ቤት ስትይዝ ነው። ሕንፃው ሥር ካፌ አለ። ጋሽ ካሳይ ካፌው ውስጥ ይቀመጡና፣ ማኪያቶ ያዝዙና፣ ስልካቸውን አውጥተው አንዲት ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ «ውረጂ።» ራሕዋም ትወርዳለች። ስታረግዝ ሆዷን ይዛ ወረደች። ስትወልድ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ወረደች። አያትና የልጅ ልጅ የተዋወቁት በማኪያቶ ማሽን ጩኸት መሀል ነው። የካፌው አስተናጋጆች እርስ በርሳቸው «ጋሽ ውረጂ መጡ» ይባባሉ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ከዚያ የክርስትናው ቀን ተቆረጠ። አንድ ከሰዓት ራሕዋ እንደ ልማዷ ወርዳ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በትግርኛ «አቦይ» እያለች ነው የምትጠራቸው። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም።

«አቦይ፣ ካፌ ውስጥ ክርስትና አልደግስም። ዳቦውን ባርከህ የምትቆርስልኝ አንተ ነህ። አንተ ካልወጣህ ማንም ቢላ አያነሣም።»

ጋሽ ካሳይ ማኪያቶውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ያን ቀን የአንድ ታክሲ ክላክስ ሲሠሩ ሽቦውን ከመጥረጊያው ጋር አገናኝተውት፣ ሹፌሩ ክላክስ ሲነካ ዝናብ መጥረጊያው መወዛወዝ ጀመረ። ሪሐና ነገር እንዳለ የገባት ይኼኔ ነው።

ሪሐና ጋሽ ካሳይ ከሚሠሩበት ቦታ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት። አፏ ስለት ነው፣ እጇ ደግሞ ለጋስ። ነገሩን ጠይቃ ጠይቃ አወጣቻቸውና ትንሽ አሰብ አድርጋ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ አቧራ የጠጣ ዕቃ ጎትታ አወጣች። የዋናተኛ መነጽር የመሰለ፣ ግን ስልክ የሚጎርስ ትልቅ የፕላስቲክ መነጽር። ከባዛር ለልጆቿ ገዝታው ልጆቹ በሳምንቱ ሰልችተውታል። ስልኩን ፊት ለፊቱ ትሰካላችሁ፣ ዓይናችሁ ላይ ታስራላችሁ፣ ያላችሁበትን ረስታችሁ ሌላ አገር ትገባላችሁ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ደግሞ ሊፍት ገብተው ፎቅ ላይ የሚወጡበት፣ በሩ ሲከፈት በረንዳ ላይ የሚቆሙበት ጨዋታ አውርዳለች። ጨዋታው ከባድ ስለሆነ ስልክ ብቻውን አይችለውም። ኮምፒውተሩ ይጫወታል፣ ምስሉ በገመድ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ስልኩ ለሁለት ዓይን ለሁለት ከፍሎ ያሳያል።

«ጋሼ፣ ከመሬት ሳይነሡ ፎቅ አወጣዎታለሁ» አለቻቸው።

ጋሽ ካሳይ የገባቸው «በገመድ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ እሱ ግን በደንብ ገባቸው። ገመድ ከሆነ የኔ ሥራ ነው ብለው የገዛ ስልካቸውን ባትሪ የሚሞሉበትን ገመድ አመጡና ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት። ስልኩ ባትሪ መሙላት ጀመረ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ነቅለው ሰኩት፣ እፍ ብለው ሰኩት፣ ገልብጠው ሰኩት። ኮምፒውተሩ ስልክ መኖሩን ጭራሽ አላወቀም። ያቺን ባለ አምፖል ሽቦ አምጥተው ሊፈትሹ ሲሉ ሪሐና እጃቸውን ያዘችና ለሱሩር ደወለች።

ሱሩር የአክስቷ ልጅ ነው፤ ደምበል አካባቢ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ሰልፍ ቆሞባት ስለነበር ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ በአንድ እጇ መታወቂያ ኮፒ እያደረገች ሰማችውና «ጋሼ፣ ገመዱ ዳታ የለውም አለ» ብላ ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

ጋሽ ካሳይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸው እያበራ ተመለሱ፣ ገመዱን ሰኩ፣ ጠበቁ። አሁንም ምንም የለም።

«ሱሩር ዋሽቶናል» አሉ። «ዳታ ሞልቼበታለሁኮ። የወሩን ጥቅል።»

ሪሐና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የወረቀት እሽግ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሰልፉም አብሯት ሳቀ። እኔም የልጄን የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ላደርግ ቆሜ ነበር፤ እንባዬን የጠረግሁት በማስረጃው ነው። እንግዲህ እኛ ዳታ የምናውቀው ኢንተርኔቱን ነው፣ ሰው ምን ያድርግ? ሪሐና ትንፋሿ ሲመለስ አስረዳቻቸው። ገመዱ ውስጥ መልእክት የሚያሳልፍ ሽቦ አለ፣ እሱን ነው ዳታ የሚሉት፣ አንዳንዱ ገመድ ኮረንቲ እንጂ መልእክት አያሳልፍም አለቻቸው። ጋሽ ካሳይ አላመኑም። ፒንሳቸውን አውጥተው ገመዱን ላጡት። ውስጡን ሲያዩ በሥራቸው የተናቁ ያህል ተሰማቸው።

«ሁለት ክር ብቻ! ይኼ የፍሬቻ ገመድ ነው እንጂ የስልክ ነው?»

ደምበል ድረስ በእግራቸው ሄደው ትክክለኛውን ገመድ ይዘው መጡ። ሱሩር ነገሩን ከሪሐና ሰምቶ ኖሮ፣ ገመዱን ሲሰጣቸው በጨዋ ፊት «ጋሼ፣ የበፊቱ ገመድ ዳታ ሳያልቅበት ይጠቀሙበት» እንዳላቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩን።

አዲሱ ገመድ ሲሰካ ስልኩ ጥያቄ አቀረበ፤ ይህን ኮምፒውተር ያምኑታል ወይ ይላል። ጋሽ ካሳይ ሪሐናን አምናለሁ፣ ኮምፒውተሩን ግን መቼ ተዋወቅሁት ብለው «አይ» የሚለውን ነኩ። እንደገና ነቅላ ሰክታ አስነካቻቸው። ምስሉ መጣ! ግን አንገታቸውን ቢያዞሩ ቢያዞሩ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። ለካ የእሳቸው ስልክ ውስጥ ጭንቅላት መዞሩን የምታውቀው ዕቃ የለችም። ሪሐና የራሷን ስልክ መነጽሩ ውስጥ ሰካችላቸውና በርጩማዋ ላይ አስቀመጠቻቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሊፍት እንዲህ ሆነ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ካሳይ ቀና ብለው ተቀመጡ። መውጣት ሲጀምር ግራ እጃቸው ዝም ብሎ የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ ያገኘው ፎቶ ኮፒውን ነው። መስታወቱ ላይ በመዳፋቸው ተደገፉ፣ ክርናቸው ቁልፉን ነካ፣ ማሽኑም ከፊተኛው ደንበኛ ብዙ ኮፒ ታዞ ስለነበር የጋሽ ካሳይን እጅ መትፋት ጀመረ። እጅ፣ እጅ፣ እጅ፤ መሬቱ እጅ በእጅ ሆነ። ጡረታ ወረቀታቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው የያዙትን ጥቁር መዳፍ እያዩ «ይኼ የኔ አይደለም» ብለው በትሕትና መለሱላት።

ሪሐና መላ አበጀች። ሲፈሩ በሁለት እጅዎ በርጩማውን ይያዙ፣ ዓይንዎ ሰማይ ላይ ቢሆንም መቀመጫዎ ላንቻ ነው አለቻቸው። ያዙ። በየቀኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየመጡ፣ በርጩማውን እንደ መሪ ጨብጠው፣ አንድ አንድ ፎቅ እየጨመሩ ይወጡ ጀመር። ሰፈሩም ለመደው፤ የሚያልፍ ሰው በበሩ አንገቱን አስገብቶ ጋሼ ዛሬ ስንተኛ ላይ ናቸው ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ችግር ግን ነበር፤ ሱሩር። ገመዱ እንዴት ሆነ፣ ጋሼ ወጡ ወይ እያለ ለሪሐና ይደውላል። ስልኳ ደግሞ ያለው ጋሽ ካሳይ ዓይን ላይ ነው። ሰባተኛ ፎቅ አካባቢ ድንገት ሰማዩ ላይ «ሱሩር ሞባይል» የሚል ይጻፋል፣ ከዚያ ምስሉ ይቋረጥና ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን ጮኸው መነጽሩን ከዓይናቸው ነቅለዋል። ያ የካዛንቺሱ ሊፍት መጣ ብለው ነዋ። በኋላ ግን ለመዱት። ሲጨልም በርጩማቸውን ያዝ አድርገው «ሱሩር ነው» ይላሉ፣ ሪሐና እስክታስተካክለው ይጠብቃሉ፣ መብራቱ ይመለሳል፣ ጉዞ ይቀጥላል።

እሁድ ደረሰ። ክርስትናው በኡራኤል ተፈጸመ፤ ዘመዱ ሁሉ፣ ጎረቤቱም፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ሕንፃው ሄደ። ጋሽ ካሳይ በብብታቸው አንድ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የራሕዋ ባል አሉላ ስጦታ መስሎት ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ነፈጉት። ሊፍቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። የካፌው አስተናጋጆች በመስታወት ተሰልፈው ያያሉ። ራሕዋ ሕፃኗን ታቅፋ ሊፍቱ ውስጥ ቆማለች። አባቷን አየቻቸው።

ጋሽ ካሳይ ፌስታሉን ፈቱ። የሪሐና በርጩማ ነበር። ሊፍቱ መሀል አስቀመጡትና ተቀመጡበት፤ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። እኔና ሪሐናም፣ አሉላም፣ አንዲት አክስትም በዙሪያቸው ተጠጋግተን ቆምን። በሩ ተዘጋ። መውጣት ጀመርን። ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ፎቁን የሚቆጥረውን ቀይ ቁጥር ትክ ብለው ያያሉ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ሊፍቱ አንዴ ነጠር ብሎ ቆመ። ጨለማው እጅ አያሳይም። አክስትየዋ ኡራኤልን መጥራት ጀመሩ፣ ሕፃኗ አለቀሰች፣ አሉላ በሩን በጥፊ ይመታል፣ እኔም እውነቱን ለመናገር የሪሐናን ነጠላ መስሎኝ የአሉላን ከረባት ይዤ ቀርቻለሁ። ራሕዋ «አቦይ» አለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከታች፣ ከጉልበታችን አካባቢ፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«አትረበሹ። ሱሩር ደውሎ ነው።»

ከዚያ ሪሐና ፈነዳች። ሳቋ ያለ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሊፍቱን ሞላው። እኔ ተከተልሁ። ነገሩ ያልገባቸው አክስትየዋ እንኳ ጸሎታቸውን አቁመው ሱሩር ማነው አሉ። ጋሽ ካሳይ በጨለማው ውስጥ የደምበል ስልክ ሻጭ ነው፣ ደጋግሞ ይደውላል፣ ግን አይቆይም ብለው አስረዷቸው። ወዲያው ሕፃኗን ስጪኝ ሲሉ ሰማሁ፤ ሕፃኗም እጃቸው ላይ ስትደርስ ለቅሶዋ ጸጥ አለ። ልብ በሉ፣ ለመቀበል በርጩማውን ለቀውታል።

ታች ጄኔሬተሩ ሲጮህ ተሰማ። መብራቱ መጣ፣ ሊፍቱ ተነሣ፣ አሥራ አንድ ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ካሳይ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ወጡ። በርጩማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ። ለሪሐና ለብቻ የተሠራላት ምግብ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ራሕዋ ለአባቷ ቤቱን ክፍል በክፍል ስታሳይ፣ ሰውዬው መጋረጃውንም ማድቤቱንም ሳይሆን የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ እየነኩ ጨረሱ። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ወጡ። ትንሽ ሲያመነቱ ሪሐና በርጩማውን ከኋላ አስጠጋችላቸው፤ ተቀመጡ። ብረቱን ተደግፈው ወደ ታች አዩ። ካፌውን አዩት። እዚያ የዘገዩት እንግዶች፣ መብራት መጥፋቱን አይተው ሊፍቱን ፈርተው፣ በር ላይ ተሰብስበው እያንጋጠጡ ነበር። አስተናጋጆቹም ትሪ በእጃቸው ይዘው ወጥተው ያንጋጥጣሉ።

ጋሽ ካሳይ ሕፃኗን ከራሕዋ ተቀብለው ከፍ አድርገው ያዟት፤ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተጣሩ።

«ውጡ!»