በማማ ላይ ያለፈ ፍልሰታ

ይህን በደል ሳልናገር መሞት አልፈልግም። በልጅነቴ የሰፈራችን ልጆች ፍልሰታን ጾመው ሲቆርቡ፣ አባቴ እኔን ብቻ ድንች ጠባቂ አድርገው ማማ ላይ አስቀርተውኛል። ታናሽ ወንድሜን ግን ይዘውት ሄደዋል።

ቤታችን ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። የእኔ እኩዮች ያስታውሱታል፤ በነሐሴ ድንቹ ሲደርስ ዝንጀሮ ከገደሉ በመንጋ እየወጣ ማሳውን ይገለብጠዋል።

«ተራ እንግባ፤ ዛሬ እሱ ይጠብቅ፣ ነገ እኔ» አልኋቸው።

አባቴ ሳቁ። «እሱማ ዝንጀሮ ሲያይ ማማውን ጥሎ ይሮጣል። ወንጭፍ የምታውቂው አንች ነሽ።»

«ታዲያ እሱ ስለፈራ ይቁረብ፣ እኔ ስላልፈራሁ ልቅር? ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው አባየ?»

«ኧረ ይች ልጅ ዳኛ ሆና ነው የተወለደች!» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እህል ሳልቀምስ ማማው ላይ ወጣሁ። የለበስሁት እርጥብ ገሳ የሣር ሽታ፣ ከታች የሚመጣው የተቆፈረ አፈር ሽታ ዛሬም ከአፍንጫየ አልጠፋም። የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል ከሩቅ ሲሰማኝ ጸሎት እጀምራለሁ። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር... ሂድ! አንተ ሌባ፣ ውጣ ከዚያ!» እልና ደንግጨ፣ «አንተን አይደለም ጌታየ» እላለሁ። እንዲህ ስል አንዱንም ጸሎት ሳልጨርስ ይመሻል።

አንድ ቀን ጉሙ ወርዶ ማሳውን ሸፈነው። ዝንጀሮው አይታየኝም፤ ሲቆፍርና ሲያጉረመርም ብቻ እሰማለሁ፤ ድምፁም እየቀረበ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ጸሎቱም ጠፋኝ። ወንጭፌን እንደያዝሁ ቆሜ ሳለሁ ግን ፍርሃቱ በድንገት ለቀቀኝ። ከጎኔ የቆመ አለ። ዞሬ አላየሁም፤ ማየት አላስፈለገኝም። ሙግቴን ግን አልተውሁም። «አንተ እዚህ ከሆንህ ቤተ ክርስቲያን ማን አለ?» አልሁት።

ማታ ልጆቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተመለሱ። የሆነውን ብነግራቸው ወንድሜ፣ «ከዝንጀሮ ጋር ቆረበች!» ብሎ አሳቀብኝ። የነፍስ አባታችንን ስጠይቃቸው፣ «እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ የለም» ብለው አለፉኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ቦታ ሁሉ አልነበረም፤ ስለዚያች ማማ ነበር።

ዛሬ ደብረ ታቦር ከተማ ነው የምኖረው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ አልጋየ ድረስ ይመጣልኛል። የሚያባርሩት ዝንጀሮ የለም፤ ሐሳቤ ግን ከኪዳን እስከ ቅዳሴ ስንት አገር ዞሮ ይመለሳል። ጌታ ያን ቀን የቀረበኝን ያህል የቀረበኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ባለፈው ፍልሰታ ከዐረብ አገር የተመለሰችው የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። «እምየ፣ እዚያ ሳለሁ አንድ አባታችን ሆይ ጨርሸ አላውቅም። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እመቤቲቱ ትጣራለች። የተቆራረጠ ጸሎት ማን ይሰማል?»

እኔም አባቴ በመጨረሻ የመለሱልኝን ነገርኋት። አርጅተው፣ ታመው፣ እኔው ሳስታምማቸው ነው። እግራቸውን እያጠብሁ፣ «አባየ፣ በዚያ ፍልሰታ በድለውኛል» አልኋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«በድየሻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ጉሙ የወረደ ቀን ከቅዳሴው አንድ ቃል አልሰማሁም። ካህኑ ሌላ ይላሉ፣ እኔ ሌላ እላለሁ። ‹እኔ ትቻት መጥቻለሁ፤ አንተ አጠገቧ ቁምልኝ› ስለው ነበር የዋልሁ።»