በደብተሩ ያልሰፈረው ሥራ

ከቦንጋ መናኸሪያ ጀርባ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ የጫማ ሱቅ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። የዓመታት ዝናብ ቀለሙን አጥቦት አሁን አጥርቶ የሚነበበው «ጥገና» የሚለው ብቻ ነው። ባለቤቷ ኸይሪያ ከሚል ታፔላውን ማደስ ትዝም ብሏት አያውቅም። የሚፈልጋት ሰው ጠይቆ ያገኛታል፤ ያላገኛት ደግሞ፣ እሷ እንደምትለው፣ ኮምፒውተሩ ገና አልታመመም።

ኸይሪያ አርባ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሀጂ ከሚል በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረዋል፤ እሷም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች። ገበያ ስትወጣ ካፊኖኖ፣ ቤቷ ስትገባ ስልጥኛ፣ ሱቋ ውስጥ አማርኛ ትናገራለች። ስትቆጣ ደግሞ ሦስቱንም ታደባልቃለች። ቁጣዋን ደንበኞቿ ለምደውታል። «ፋይሌ ጠፋብኝ» ብሎ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ልክ ልኩን ትነግረዋለች፤ ከዚያ ሻይ ታስመጣለታለች፤ ከዚያ ፋይሉን ፈልጋ ታገኝለታለች። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም።

ደብተሯ ከራሷ ይበልጥ ዝነኛ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ሲሆን «የበሽታ ደብተር» ትለዋለች። እጇ የነካው ማሽን ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፤ በመጀመሪያው ዓምድ የማን እንደሆነ፣ በሁለተኛው ምን እንዳመመው፣ በሦስተኛው እሷ ምን እንዳደረገችለት። ከደካ በጭቃ መንገድ ሲንገጫገጭ የመጣ ላፕቶፕ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ፣ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ገጹን ትገልጥና «አንተን እኮ አውቅሃለሁ» ትላለች። የምታናግረው ባለቤቱን ሳይሆን ላፕቶፑን ነው።

ደብተሩ ውስጥ የማይገባ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ አለ፤ በነጻ የሠራችው። ሀጂ ከሚል ለአላህ ብለው የሰጡትን ነገር አይናገሩም፣ አይጽፉም፣ አያስጽፉም ነበር። የመስጊድ ምንጣፍም ይሁን የክርስቲያን ጎረቤታቸው ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ አንዴ ከእጃቸው ከወጣ ወሬው ዳግመኛ አይነሳም። የተጻፈ ስጦታ አንድ ቀን ሰጪውን ያኮራዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ኸይሪያም ይህን ከእሳቸው ወርሳ ለሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ለመድረሳውም፣ ለገጠሩ ጤና ኬላም የሠራችውን ሁሉ በልቧ ብቻ ትይዘዋለች። ይህ ደግ ልማድ ባለፈው ግንቦት ጉድ ሊሠራት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ዋጫ አጠገብ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምረው መምህር ገሠሠ ነበር። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዘንድሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚገመግሙ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በድንገት ይሞታሉ። ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና በነጭ ጽሑፍ ይሞላል፣ የኪቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ በኋላ አጥፍቶ ከማስነሳት በቀር መላ የለውም። አሥራ ስምንቱ ማሽኖች ሐሙስ ዕለት ሳይሞቱ ካልሠሩ ተማሪዎቹ ቦንጋ ሄደው፣ ቤት ተከራይተው፣ ለቀናት እያደሩ እንዲፈተኑ ይደረጋል። ግማሾቹ ልጆች ይህን አይችሉም፤ በተለይ ሴቶቹን ቤተሰብ አይለቃቸውም።

ኸይሪያ ማክሰኞ ማለዳ የሚዛንን መንገድ ይዛ ዋጫ ወረደች። ወደ ክፍሉ የገባችው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሆና ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በረመዳን፣ አባቷ ለዚህ ክፍል አሥራ ስምንት የዋይፋይ መቀበያ ገዝተው በካርቶን አስይዘው ልከዋት ነበር። ያን ጊዜ የነበረው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ሀጂ ከሚልም ካረፉ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። አሁን ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእሷ በቀር ማንም የለም፤ እንዲታወቅም አልፈለገችም።

ማክሰኞ ዕለት እንደ ልማዷ በሚታየው ነገር ጀመረች። የኤሌክትሪኩን መጠን ለካች፤ ደህና ነው። እርጥበት ገብቶ ይሆናል ብላ ማሽኖቹን እየፈታች አቧራቸውን አራገፈች፣ የማስታወሻ ካርዱን፣ ራሙን፣ እየነቀለች ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጋ መለሰችው። ከሁለት ማሽኖች የተበላሸ ራም አገኘችና ከቦርሳዋ አውጥታ ቀየረችላቸው። ደስ አላት፤ በሽታውን ያገኘችው መሰላት። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ገብተው የልምምድ ፈተናውን ሲከፍቱ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ማሽን ተከታትሎ ሞተ፤ አንዱ ራሙ የተቀየረለት ነው።

ያኔ ቁጣዋ መጣ። ገሠሠን ምን እንደነካካ ጠየቀችው። እሱም አልደበቀም። የፈተናው ፕሮግራም ማሽኖቹን በሚያንቀሳቅሰው በድሮው ሊኑክስ ላይ አልሠራ ስላለው ጅማ ድረስ ሄዶ ማሻሻያውን በፍላሽ አምጥቶ ሁሉም ላይ ጭኗል። የኮምፒውተሩ እምብርት የሆነው ከርነል ከዚያ ወዲህ አዲስ ነው። ኸይሪያ የምትወረውርበት አገኘች። የሚሠራን ማሽን ሳይጠይቁ፣ እንቁላል እንደሚያቅፍ አውራ ዶሮ፣ መነካካት ምን ይባላል ብላ፣ ተማሪዎቹ በሚሰሙበት ወረደችበት። ወጣቱ መምህር አንገቱን ደፍቶ ሰማት። የድሮውን ከርነል ልትመልስ ፈለገች፤ ነገር ግን በድሮው ላይ የፈተናው ፕሮግራም ጭራሽ አይከፈትም። ወደ ኋላ መሄጃ የለም ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሳ መጣች። ፊቷ እንደ ጠዋቱ ጭጋግ ከብዷል። የቀራት አንድ ቀን ነው። አንድ ማሽን ብቻዋን ከፍታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀችው፤ ምንም አልሆነም። ይህንን ስታይ የባሰ ግራ ገባት። ከኋላዋ ቆማ የነበረች ሩሀማ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ግን ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች። ልጅቷ የታመመ አባቷን የምታስታምም ናት፤ ፈተናው ቦንጋ ከሆነ እንደማትቀመጥ ከወዲሁ አውቃዋለች።

«እትዬ፣ ብቻችንን ስንሆን አይሞትም። ሁላችንም ባንዴ ስንከፍት ነው።»

ኸይሪያ ዞር ብላ አየቻት። ሁሉም ባንዴ ሲከፍቱ የሚጨናነቀው ዋይፋዩ ነው። ተማሪዎቹን አስጠርታ ሁሉንም ማሽኖች በአንድ ጊዜ አስከፈተች፤ ስልኳንም አውጥታ ጠበቀች። የመጀመሪያው ማሽን ሲሞት በነጭ ጽሑፍ የተሞላውን ስክሪን ፎቶ አነሳችው። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ፎቶውን እያጎላች መስመር በመስመር አነበበችው። እስካሁን ይህን አለማድረጓ የሚገርም ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በሽተኛውን ስታገላብጥ በአፉ የሚናገረውን አልሰማችውም።

ጽሑፉ ብልሽቱ የጀመረው ከዋይፋዩ ሞጁል ላይ እንደሆነ ይናገራል። ሞጁል ማለት ከርነሉ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ቁራጭ ፕሮግራም ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ከርነሉ የራሱን ሁኔታ የሚገልጽበት መስመር ላይ «ኤፍ» የምትል አንዲት ፊደል አለች። ትርጉሟን ፈለገችና አገኘችው፤ ከሞጁሎቹ አንዱ ከርነሉ «አይገጥመኝም» እያለ በግድ የተጫነ ነው ማለት ነው። ገሠሠ ይህን አላደረገም፤ እንዴት እንደሚደረግም አያውቅም። ኸይሪያ ወደ ውስጥ ተመልሳ የሞጁሉ ፋይል መቼ እንደተፈጠረ አየች። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ስትመልሰው ግንቦት ስምንት፣ 2011 ሆነ።

ያ ቀን ትዝ አላት። ሐሙስ ነበር፤ ጾም ላይ ነበረች፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ የመጨረሻው የቦንጋ ሚኒባስ ሊወጣ ነው። መቀበያዎቹን ሊኑክሱ አላውቃቸውም ስላለ ሞጁሉን በአንዱ ማሽን ላይ ራሷ አዘጋጅታ ወደ ሌሎቹ ገለበጠችው። አንዳንዶቹ የከርነላቸው ዕድሜ ትንሽ ስለሚለይ አይገጥመንም አሉ። አባቷ ለማፍጠሪያ እየጠበቋት ነው። እሷም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሞጁሉን በግድ እንዲጭን የሚያዝ አንድ መስመር ጽፋ በአሥራ ስምንቱም ላይ አኖረችው። ልዩነቱ ትንሽ ስለነበረ ለዓመታት ሠራ። አሁን ከርነሉ ሲታደስ ግን ያ መስመር አለቃው እንደተቀየረ ሳያውቅ የድሮውን ሞጁል በአዲሱ እምብርት ውስጥ መሰንቀሩን ቀጠለ። የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ የድሮውን መክፈቻ በመዶሻ እየመቱ እንደ ማስገባት ነው። የተከፈለበት ሥራ ቢሆን ኖሮ በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ሰፍሮ ይገኝ ነበር፤ ሰኞ ዕለት በስልክ ብቻ ታስተካክለው ነበር።

አፈረች። ከማፈርም በላይ ተጨነቀች። ጥፋቱን ካመነች ያን ጊዜ እዚህ እንደነበረች ይታወቃል፤ እሱ ከታወቀ ደግሞ ማን እንደላካት መጠየቁ አይቀርም፣ የአባቷም ምስጢር ይወጣል። መስመሩን ዝም ብላ ማጥፋት ትችላለች። «ተስተካክሏል» ብላ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም፤ ገሠሠም ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ እያመነ ይኖራል። ትናንት በተማሪዎቹ ፊት አንገቱን ሲደፋ ትዝ አላትና ይህን ልቧ እንቢ አለ።

ተማሪዎቹ እንዳይወጡ አደረገችና ገሠሠን ጠራችው።

«መምህር፣ ትናንት የተናገርኩህ ሁሉ ስህተት ነው። አንተ የሠራኸው ልክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ይህን ዋይፋይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ በግድ ጫንኩት፤ ለማንም ጽፌ አላስቀመጥኩም።»

የገሠሠ ፊት ፈካ። በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲከበር ርዕሰ መምህሩ ተነስተው ስሙ ያልታወቀውን የዋይፋዩን ሰጪ እንደሚያመሰግኑ፣ ወላጆችም በካፊኖኖና በአማርኛ እንደሚመርቁት ነገራት።

«ታዲያ ማን እንደሆነ ያውቃሉ ማለት ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አውቃለሁ» አለች ኸይሪያ። «አልነግርህም። አሁን በሕይወት የሉም፤ ቢኖሩም አይፈልጉትም ነበር።»

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ገሠሠ አያት፤ አንድ ነገር ገብቶታል፤ ግን አስተዋይ ልጅ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አባቷ ስማቸው ሳይጠራ ሲመረቁ እንደኖሩ ማሰቡ ግን ኸይሪያን ወደ ውጭ አስወጣት። ዓይኗን በሻርፗ ጠርጋ ተመለሰች።

ሥራው ራሱ ከፈራችው በላይ ቀላል ሆነ። የድሮውን ሞጁልና በግድ የሚያስጭነውን መስመር ከመጀመሪያው ማሽን አጠፋችና ደግማ አስነሳችው። አዲሱ ከርነል ያንን መቀበያ ራሱ ያውቀዋል፤ ምንም ሳይጫንለት ዋይፋዩን ያዘ። ያን ጊዜ በጉልበት ላስገባችው ነገር ዛሬ በሩ ክፍት ነበር። ለገሠሠ አንዴ አሳየችውና ማሽኖቹን ለሁለት ተካፍለው እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሁሉ ባንዴ ከፍተው የልምምድ ፈተናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠሩት። አንድም ማሽን አልሞተም። ከመሄዷ በፊት ምን እንደነበረ፣ ምን እንደተነሳና ከርነሉ እንደገና ሲታደስ ምን መታየት እንዳለበት በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ከሥሩም ስሟንና ስልኳን አኖረች። ሐሙስ ዕለት ገምጋሚዎቹ መጥተው ክፍሉን አጸደቁት።

ኸይሪያ ሱቋ ስትመለስ የበሽታ ደብተሯን ከፍታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። መጻፉ አባቷን መቃወም መሰላት። በኋላ ግን እሳቸው የደበቁት ሰጪውን እንጂ ሥራውን እንዳልሆነ ለራሷ ነገረችና ብዕሯን አነሳች። በሁለተኛው ዓምድ «ዋጫ፣ አሥራ ስምንት ማሽን፤ ከርነሉ ታድሶ ያረጀ ሞጁል በግድ ይጫን ነበር» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው «የጫንኩትም ያነሳሁትም እኔ» አለች። ቀጥላ ያንኑ መስመር በነጻ የጻፈችባቸውን ሌሎች ቦታዎች ከልቧ እያወጣች ዘረዘረች፤ ሦስት ሆኑ። ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ ከሦስቱ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ቢታ ገነት፣ ተሳፈረች፤ የጤና ኬላው ኮምፒውተር ሳይወድቅ ደረሰችለት።

ፈተናው ያለቀ ዕለት ከገሠሠ መልእክት ደረሳት። አሥራ ስምንቱም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሳይሞቱ ሠርተዋል፤ ሩሀማም ጨርሳ ወደ አባቷ ሮጣለች። ኸይሪያ ሱቋ ውስጥ የነበረውን ደንበኛ መቆጣቷን ትታ ደብተሩን አወጣች፤ በሦስተኛው ዓምድ ጥግ «ልጆቹ ተፈተኑ» የሚል ጨመረች። አባቷ ክፉኛ ናፈቋት። የማን እንደሆነ የሚጻፍበት የመጀመሪያው ዓምድ ባዶ ነው፤ ጣቷን እዚያ ላይ ትንሽ አሳርፋ እንደ ባዶነቱ ተወችው።